«ውሸት ነው» ለሚሉኝ

ሬስሊንግ እወዳለሁ ባልኩ ቁጥር የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው፤ «ውሸት መሆኑን ግን ታውቃለህ አይደል?» አዎ፣ አውቃለሁ። ካወቅኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቲያትር ቤት ኦቴሎን ሊያይ ለሚሄድ ሰው «ዴዝዴሞና የምር አትሞትም» ብሎ የሚያስጠነቅቀው የለም። እንደተታለለ ሰው የሚታዘንልን እኛ የሬስሊንግ ወዳጆች ብቻ ነን።

ነገሩ የጀመረኝ ሰርዶ ላይ ነው። ሰርዶ ከሎጊያና ከሰመራ አልፎ ወደ ጋላፊና ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የአፍዴራን ጨው የጫነ መኪና ዋናውን አስፋልት የሚያገኘው እዚያ ነው። በ1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራርሷታል፤ እኛ ያደግነው ከዚያ በኋላ በተሠራችው ሰርዶ ነው። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ጀነሬተር ይነሳና አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቪዲዮ ይከፈታል። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጨው ጫኙ፣ የአፋር ልጆች፣ የእኛ ቢጤ የሻይ ቤት ልጆች፣ ሁላችንም አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ፊልም ያለ ቀን ቤቱ ግማሹ ባዶ ነው። ሬስሊንግ ያለ ቀን ግን በሩ ላይ ሳይቀር ሰው ይቆማል።

ለምን? ሬስሊንግ አስተርጓሚ አይፈልግማ። አማርኛ ተናጋሪውም፣ አፋሩም፣ ሶማሌው ሾፌርም እኩል ይገባዋል። ክፉው ሰው ዳኛው ዞር እስኪል ይጠብቅና ወንበር ያነሳል። ዳኛው አላየም፤ እኛ አይተናል። የዚህ ጥበብ ትልቁ ዘዴ ይሄ ይመስለኛል፤ ተመልካቹን ምስክር ያደርገውና ቃሉን የሚቀበለው ሰው ያሳጣዋል። «ኧረ ከኋላህ!» ብለን እንጮሃለን፣ ማንም አይሰማንም። ድሃ ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ስሜት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ግን ያደግኩት ወሬ በቀልድ በማይታይበት አገር ነው። አፋር ዳጉ አለው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቢቸኩሉም ቁጭ ይሉና ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ተጣላ። ዳጉ የሚነግር ሰው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል። የተሳሳተ ወሬ ከብቱን ዝናብ ወዳልዘነበበት ያስነዳልና፣ ሐሰት ያወራ ሰው ይጠየቅበታል።

አንድ ምሽት አንድ የአፋር ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ጥቂት አዩ። ጓደኛዬን በአፋርኛ ጠየቁት፣ መለሰላቸው፣ ደግመው ጠየቁትና ሄዱ። «ምን አሉህ?» አልኩት።

«‹ደም አለባቸው ወይ?› አሉኝ። ‹የለም፣ ተከፍሏቸው ነው› አልኳቸው። ‹ታዲያ ማን ያስታርቃቸዋል?› አሉኝ።»

ሳቅን። ዛሬ ግን ስለ ሬስሊንግ ከሰማኋቸው ትችቶች ሁሉ እንደዚህ የጠለቀ አላገኘሁም። የሚሸጠው ቂሙ ነው፤ እርቅ ከወረደ የሚቀጥለው ሳምንት ትርኢት የለም።

ደጋግመን ያየነው ካሴት እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 1998 ፒትስበርግ ውስጥ የተደረገው ነበር። አንደርቴከር ማንካይንድን (እውነተኛ ስሙ ሚክ ፎሊ ነው) አምስት ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የሽቦ ቤት አናት ላይ ወርውሮ የአስተዋዋቂዎች ጠረጴዛ ላይ ጣለው። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ፎሊ በቃሬዛ ሲወሰድ ከቃሬዛው ወርዶ ተመለሰና እንደገና ወጣ። በሁለተኛው የሽቦው ጣሪያ ተበጥሶ ወደ መድረኩ ወደቀ፤ ወንበር ተከትሎት ፊቱ ላይ አረፈ፤ ጥርሱ ወለቀ። በኋላ እንደተረዳሁት የመጀመሪያው ውድቀት የታሰበበት ነበር። ሁለተኛው ግን እንደዚያ እንዲሆን ማንም አላቀደም። እኛ የጮህነው ለመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን፣ የእውነቱን፣ ያየነው «አሁን ደግሞ ምን ሊመጣ ነው» እያልን ነበር።

የሬስሊንግ የመጀመሪያ ትምህርት መውደቅ ነው። አገጭህን ደረትህ ላይ ትይዛለህ፣ ምቱን ለጀርባህ ሁሉ ታከፋፍላለህ፣ በክንድህ ወለሉን ትመታለህ። ወለሉ ፍራሽ አይደለም፤ በብረት ላይ የተነጠፈ ጣውላ፣ ከላዩ ስስ ስፖንጅና ሸራ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ያልተሰማህን ሕመም ማሳየት ነው። ሦስተኛውን ማንም አያስተምርህም፤ የተሰማህን መደበቅ።

ሬስሊንግ ድራማ መሆኑን የነገረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ተጣላን፤ ሁለት ቀን አላናገርኩትም። በኋላ ግን አብረን እያቆምን እያስኬድን «እዚህ ጋ እግሩን መሬት መታ፣ ድምፁ ከዚያ ነው» መባባል ጀመርን። የውሸት ሕመም በማወቅ የተካንኩ ሆንኩ። ወንድሜ ጨው ጫኝ ነበር። አንድ ቀን ማታ ከመኪና ላይ መንሸራተቱን እየሳቀ ነገረን፣ ሻዩን ጠጣ፣ ቪዲዮ ቤት አብሮኝ ሄደ። አግዳሚው ላይ አልተቀመጠም፤ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አየ። «ምነው?» አልኩት። «ከዚህ ይሻላል» አለኝ። አመንኩት። ወገቡ ያን ቀን ተጎድቶ ኖሯል፤ ሐኪም ያየው ከወራት በኋላ ነው፣ ጆንያ ማንሳት ሲያቅተው። ለእናታችን እንዳትሰማ፣ ለአሠሪው እንዳያስወጣው፣ ለእኔ ደግሞ ምሽቴን እንዳያበላሽብኝ ሲል ደበቀ። እኔ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ የሰው ሕመም ሐሰት መሆን አለመሆኑን እየመረመርኩ ነበር።

ፈረንሳዊው ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ሬስሊንግ የጻፈው መጣጥፍ ታዋቂ ነው። ተመልካቹ ትግሉ የምር ይሁን አይሁን አይጨነቅም፣ የሚፈልገው ሕመምንና ፍትሕን በግልጽ ማየት ነው ይላል። ትክክል ነው፤ ግን የተመልካች ወንበር ላይ ሆኖ የተጻፈ ትክክል ነው። ምልክቱን አይቷል፤ ምልክቱን የተሸከመው ወገብ ግን ብዙም አላስጨነቀውም።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 1999 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ኦወን ሃርት ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ሲወርድ ማሰሪያው ተፈትቶበት ወደቀና ሞተ። አስተዋዋቂው ጂም ሮስ ቲቪ ለሚያየው ሰው ይህ የትርኢቱ አካል እንዳልሆነ ደጋግሞ ማስረዳት ነበረበት። ሙያው ማጋነን የሆነ ሰው እንዲያምኑት ሲለምን መስማት ከባድ ነው። ትርኢቱ ግን ቀጠለ። ለእኔ የሬስሊንግ ነውር ያለው እዚህ ነው እንጂ አስቀድሞ በሚታወቀው አሸናፊ ላይ አይደለም።

ሌላም ውሸት አለ። ጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ2008 ሲቀርብ ጃማይካዊ ነው ተብሎ ነበር፤ የአነጋገር ቅላጼ ሳይቀር ተሰጥቶት። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2019፣ በገዛ ማንነቱ ዳንኤል ብራያንን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ያን ቀን ስልኬን ይዤ አልቅሻለሁ። ውጤቱ ቀድሞ የተወሰነ ነበር፤ አሥራ አንዱ ዓመት ግን የእውነት ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት 4 ቀን ብሮክ ሌስነር አሥር ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ቀበቶውን ወሰደበት። ይሄን ነው ውሸት የምለው። ሰው ይሸነፋል፤ ታሪኩ ግን የገባልንን ቃል እንዲህ በችኮላ ማፍረስ ተመልካቹንም ተጫዋቹንም መናቅ ነው።

ለሽማግሌው ጥያቄ ዛሬ የምሰጠው መልስ አለኝ። እነዚህ ሰዎች የሚታረቁት ከጠቡ በፊት ነው። አንዱ ሌላውን ወደ ላይ ሲያነሳው የተነሳው አንገቱን አደራ ሰጥቶታል፤ ያነሳው ደግሞ ነገም መሥራት እንዲችል አድርጎ ሊያወርደው ቃል ገብቷል። ጠላትነቱ ውሸት ነው፤ አደራው የምር ነው። የጨው ጆንያ ከላይ የሚያቀብልና ከታች የሚቀበል ሰውም የሚሠራው በዚሁ አደራ ነው።

ወንድሜ አሁን ሰመራ ትንሽ ሱቅ አለው። ስሄድ እናያለን፤ ትልቅ ግጥሚያ ካለ በስልክ፣ ከሌለ የድሮውን። አሁንም «እዚህ ጋ እግሩን መታ» ይለኛል። እኔ አልፎ አልፎ ዞር ብዬ እንዴት እንደተቀመጠ አየዋለሁ። «ወገብህስ?» እለዋለሁ። «ምንም አልል» ይለኛል። እንደ ድሮው ቶሎ አላምነውም።