በትንፋሽ የሚኬድበት ደን

ካናዳዊቷ ሠዓሊ ቻር ዴቪስ በ1995 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ያቀረቡት «ኦስሞስ» በሸራ ላይ የተሳለ ሥዕል አይደለም። ተመልካቹ ዓይን የሚሸፍን የኮምፒዩተር መነጽር አጥልቆ፣ ትንፋሹን የሚለካ መሣሪያ ደረቱ ላይ ታጥቆ፣ ከምናባዊ ደን ውስጥ ይገባል። አየር ሲስብ ከፍ ይላል፤ ሲያስወጣ ዝቅ ይላል፤ ዘንበል ሲል አቅጣጫ ይለውጣል። እጅ ሥራ የለውም። ሠዓሊቱ ሐሳቡን ያገኙት ከባሕር ጠላቂነታቸው ነው።

እኔ ሥራውን የማውቀው በፊልምና በጽሑፍ ብቻ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። ቢሆንም ዛሬ ለአእምሮ ዕረፍት እየተባሉ ከሚሸጡት የመነጽር ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ሰውን አስቀምጠው ባሕርና ጀንበር ሲያሳዩት፣ ይኸኛው የገዛ ትንፋሹን እንዲያዳምጥ ያስገድደዋል። ብልጫው እዚህ ላይ ነው። (ጸጥታ የሚፈልገውን ሰው ጥላ ሌሎች ተመልካቾች በመጋረጃ ላይ ማየታቸው ግን ያስገርመኛል።)

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ጉዞው 15 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ያበቃል። በፈተና ጧት እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ ግን መነጽሩ የለውም፤ የሚያስፈልገው ትንፋሹን ቀስ አድርጎ ማስወጣትን አስቀድሞ መልመድ ነው። ይኸንን 60 ተማሪ በታጨቀበት ክፍልም ማስለመድ ይቻላል። እኔ ከዕጩ መምህራን ጋር በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ለ3 ደቂቃ እሞክረዋለሁ፤ የመጀመሪያው ሳምንት በሳቅ አለቀ።