ቃል የመፍታት ሙያ

ኮምፒዩቴሽናል ሊንጉስቲክስ የሰውን ቋንቋ ኮምፒዩተር ሊያስኬደው በሚችል መልኩ የሚገልጽ የትምህርት ዘርፍ ነው። ተማሪው ስነልሳን፣ ሂሳብና የፕሮግራም አጻጻፍ አብሮ ይማራል፤ አማርኛን ለሚያጠና ግን የሙያው መግቢያ አንድን ቃል መፍታት ነው።

«ስለማይሰብሩት» የሚለው ቃል ሲፈታ ስለ፣ ም፣ አ፣ ይ፣ ሰብር፣ ኡ እና ት ይወጡታል። «ስለ» ምክንያትን፣ «አ» አሉታን፣ «ት» ተሳቢውን ይነግራሉ፤ «ይ» እና «ኡ» ባለቤቱን ከፊትና ከኋላ ያቅፉታል። «ሰብር» ደግሞ ስ-ብ-ር ከሚለው ሥር የወጣ ግንድ ነው። አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ይህን ሁሉ ሳያስበው ይናገረዋል፤ ለኮምፒዩተር ግን አንድም ሳይቀር ሊነገረው ይገባል።

መፍታት ሁልጊዜ አንድ መልስ አይሰጥም። «ኡ» ብዙ ቁጥርም አክብሮትም ስለሆነ የማይሰብሩት እነሱ ይሁኑ እሳቸው ቃሉ ብቻውን አይለይም። «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ መቺውን፣ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺውን ያመለክታል፤ ፊደሉ ግን መጥበቁን አያሳይም። ስለዚህ በወጉ የተሠራ ተንታኝ ፕሮግራም ሁሉንም ፍቺ ያወጣል፤ ምርጫውን ለዐውዱ ይተዋል።

ለዚህ ሥራ መሠረት ከጣሉት አንዱ ፊንላንዳዊው ኪሞ ኮስኬኒየሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረበው ባለሁለት ደረጃ ሞዴል የቃሉን ውስጣዊ ቅርጽና የተጻፈውን ቅርጽ ጎን ለጎን አስቀምጦ በሕግ ያገናኛል። በአማርኛ ተነባቢዎቹና አናባቢዎቹ ስለሚጠላለፉ ቅጥያን በተርታ መደርደር ብቻውን አይበቃም። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም ይህን ችግር ፈትቶ አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን ይተነትናል።

ከዐውድ ለመምረጥ ደግሞ የቃላቱ ክፍል በሰው እጅ የተለየ ጽሑፍ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ምርምር ማዕከል የ1,065 የዋልታ ዜናዎች፣ ማለትም የ210,000 ያህል ቃላት፣ የቃል ክፍል በእጅ ተለይቷል። ጽሑፍ ለሥልጠና ሲሰናዳ ሞክሼ ፊደላት ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ይጠቀለላሉ፤ «ሀይል» እና «ኃይል» ይገናኛሉ። ያው እርምጃ ግን ጨረቃ የምትወጣበትን «ሠረቀ» ከሌባው «ሰረቀ» ጋር ያደባልቃል። እንዲህ ያለው ውሳኔ የሰዋስው ዕውቀት ይጠይቃል።

የተንታኙ መፈተኛ ከዚህ በፊት ያላየው ጽሑፍ ነው። ሳይፈታ የቀረውን ወይም በስህተት የተፈታውን ቃል ተማሪው አንድ በአንድ ያነባል፤ ጉድለቱ ከመዝገበ ቃላቱ፣ ከሕጉ ወይም ከአጻጻፉ መሆኑን ለይቶ ያርማል፤ ከዚያም ጽሑፉን እንደገና ያስፈታል።