«የመጨረሻው ብርጭቆ» እና የባክሎፌን መጠን

ባክሎፌን የጡንቻን መገተር ለማላላት ለብዙ ዓመታት ሲታዘዝ የኖረ መድኃኒት ነው። ፈረንሳዊው የልብ ሐኪም ዶክተር ኦሊቪዬ አሜዘን ግን የራሳቸውን የመጠጥ ሐራራ ለማብረድ ወሰዱት። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2005 በሕክምና መጽሔት፣ በ2008 ደግሞ «የመጨረሻው ብርጭቆ» የሚል ትርጉም ባለው የፈረንሳይኛ መጽሐፍ አቀረቡ። መጠኑን ቀስ በቀስ በቀን እስከ 270 ሚሊግራም አድርሰው ሐራራው እንደጠፋላቸው፣ ከዚያም ወደ 120 ዝቅ እንዳደረጉት ገልጸዋል።

መጽሐፉ የሚመሰገነው ሱሰኛውን ከውስጥ ስለሚያሳይ ነው። ካነበቡት በኋላ «ለምን አይተውም?» ብሎ ሕመምተኛን መጠየቅ ያሳፍራል። ሆኖም ሐኪሙም፣ ሕመምተኛውም፣ ውጤቱን መዛኙም አንድ ሰው የሆነበት ታሪክ ጥያቄ ያስነሣል እንጂ መልስ አይሆንም። ዶክተር አሜዘን እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2013፣ ዋናው ነገር በቂ መጠን መስጠት ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ይህ ጸሐፊ የሚጠራጠረው ይህንኑ ነው።

በ2007 በላንሴት የወጣው የጣሊያን ጥናት ሲሮሲስ ያለባቸውን 84 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን በቀን 30 ሚሊግራም ብቻ ሰጠ። ባክሎፌን ከወሰዱት 71 በመቶ፣ ማስመሰያ ከተሰጣቸው 29 በመቶ ከመጠጥ ተቆጠቡ። በ2017 የወጣው አልፓዲር የተባለው የፈረንሳይ ጥናት ግን 180 ሚሊግራምን ግብ አድርጎ 320 ሰዎችን ሲመለከት፣ ከመጠጥ የራቁት 11.9 በመቶ ከ10.5 በመቶ ጋር ነበሩ፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። (የሐራራው መለኪያ በባክሎፌን ወገን ይበልጥ መቀነሱን ግን መሸሸግ አይገባም።) ባክሎቪል የተባለው ጥናት እስከ 300 ሚሊግራም ፈቅዶ የተሻለ ውጤት አገኘ፤ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ግን በባክሎፌን ወገን 44፣ በማስመሰያው ወገን 31 በመቶ ነበሩ። ሕመምተኞቹና የጥናቶቹ አሠራር ስለሚለያዩ ጎን ለጎን ማነጻጸር ያሳስታል፤ ቢሆንም መጠን ሲጨምር ጥቅም አብሮ ይጨምራል የሚለው አልተረጋገጠም። የፈረንሳይ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 መድኃኒቱን ለዚህ ሕክምና ሲፈቅድ ጣሪያውን በቀን 80 ሚሊግራም አድርጎታል።

ታሪኩን ሰምቶ «ያንን መድኃኒት ስጡኝ» የሚል ሕመምተኛ ሲመጣ፣ ባክሎፌን በአብዛኛው በኩላሊት እንደሚወገድ፣ ከመጠጥ ጋር ሲሆን ማደንዘዙ እንደሚበረታ፣ በድንገት ሲቋረጥም መንቀጥቀጥና መቃዠት እንደሚያስከትል ማስታወስ ያስፈልጋል። ይህም የመጠጥ መቋረጥ ሕመም መስሎ ሐኪሙን ሊያሳስት ይችላል።