የደብረ ብርሃን ሥላሴ ኪሩቤል

ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ያለ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ብዛታቸው ነው። ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በጣሪያው ወራጆች መካከል ረድፍ ሠርተው ከዳር እስከ ዳር ሞልተዋል። ብዙው ጎብኚ ስንት እንደሆኑ ጠይቆ ፎቶ አንሥቶ ይወጣል። የሠዓሊውን እጅ ማየት የፈለገ ግን አንድ ፊት መርጦ ይቆይ።

ፊቱ ክብ ነው፤ አካል የለውም፤ ክንፎቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል። ቅንድቡ ጥቁር ቅስት ነው፤ የአፍንጫው መስመር ከዚያው ከቅንድቡ ሥር ወርዶ ያልቃል። ወደ ጉንጩ ጠርዝ ሲደርስ ቀለሙ ቀስ እያለ ይጠይማል፤ ፊቱም ከጠፍጣፋው ላይ ያበጠ ይመስላል። በዚህ የጥላ አጣጣል የሚታወቀው ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል ነው። ዐይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ ብሌናቸው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

አሁን ጎረቤቱን ይመልከቱ። መልኩ ያው ነው፤ አስተያየቱ ግን ሌላ ነው። ሠዓሊው አንዱን ፊት ደጋግሞ ሲሥል እጁ አልደነዘዘም። አንድ ዜማ ደጋግሞ የሚያዜም መሪጌታ በየዙሩ ድምፁን እንደሚያነሣና እንደሚጥል፣ እሱም በብሌኑ ይጫወታል። ብሌኖቹ ወደየአቅጣጫው ስለሚያዩ፣ ምእመኑ የትም ቢቆም ከላይ የሚያየው አያጣም። በቤተ ክርስቲያናችን የአሣሣል ሥርዓት ቅዱሳን ሁለት ዐይናቸው እየታየ፣ ክፉዎች በጎን ይሣላሉ፤ ይህ ጣሪያ ያንን ሥርዓት እስከ ጥግ ወስዶታል።

ደብሩን የተከሉት ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ናቸው፤ የተመረቀውም እ.ኤ.አ. በ1694 ነው። የመጀመሪያው ሕንፃ ክብ ነበር፤ ዛሬ የምናየው አራት ማዕዘኑ ሕንፃ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ድርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይህ ተረፈ፤ ያዳነው የንብ መንጋ ነው ይባላል።

የሌላው የጎንደር ቤተ ክርስቲያን፣ የአባ እንጦንስ፣ ሥዕሎች ግን በቦታቸው አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር-ጅቡቲ ተልእኮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ያለበት ጨርቅ አስለቅቆ ወሰደ፤ በምትኩም ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸውን ቅጂዎች ተወ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ቀለሙ ተጠብቋል፤ ሥዕሉ ግን የተሠራለትን ቅዳሴ፣ ዕጣንና ቆሞ የሚያስቀድሰውን ሰው አጥቷል።

ቅርስ ከቦታው ጋር ሲኖር ሙሉ እንደሚሆን ጌዴኦ ውስጥ የምንኖር በደንብ እናውቃለን። ከዲላ ብዙም ሳይርቅ ቱቱ ፈላ ላይ የሰው መልክ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች ከዛፉና ከእርሻው አጠገብ ቆመዋል፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ድንጋዩ፣ ደኑና እርሻው አብረው ተመዝግበዋል።

ስለዚህ ለቅርስ የምናወጣው ገንዘብና ጉልበት ቅድሚያ ሊሰጥ የሚገባው ለጣሪያ ጥገና፣ ለዝናብ መከላከያና ለጠባቂ ነው። ዕቃውን አንሥቶ መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። የደብረ ብርሃን ኪሩቤል ጥበብ ሙሉ የሚሆነው ከሥራቸው ቆሞ የሚጸልይ ሰው ሲኖር ነው።