የብልባላ ጊዮርጊስ ዕድሜና ትርጓሜ

ከላሊበላ ከተማ በስተ ሰሜን፣ በብልባላ ምድር፣ ከዓለት የተፈለፈሉ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ አንደኛው በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ሁለተኛው በቅዱስ ቂርቆስ ስም የተሰየሙ ናቸው። በአገሩ ትውፊት ሁለቱም በ6ኛው መቶ ዓመት በነገሠው በዐፄ ካሌብ ዘመን እንደ ታነጹ ይነገራል። እንዲህ ከኾነ ብልባላ ከንጉሥ ላሊበላ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ይቀድማል ማለት ነው።

ይህን ትውፊት የሚመረምሩ ሰዎች ዘወትር በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ገሚሶቹ ተረት ነው ብለው ያልፉታል። ገሚሶቹ ደግሞ የፍልፍሎቹን ቅርጽ ከአክሱም ሕንፃ ጋራ አስተያይተው ለትውፊቱ ምስክር ያቆሙለታል። ሁለቱም ወገኖች ግን ካህናቱ የካሌብን ስም በሚጠሩበት ጊዜ ዓመተ ምሕረት እየቈጠሩ ነው ብለው አስቀድመው መወሰናቸው ያስተቻቸዋል።

በመጀመሪያ የቅርጹ ማስረጃ እጅግ ደካማ ነው። በአክሱም አሠራር ግድግዳው በድንጋይና በእንጨት እየተፈራረቀ ይነሣ ስለ ነበር፣ የአግዳሚው እንጨት ጫፍ ወደ ውጭ ብቅ ይል ነበር፤ ይህም የዝንጀሮ ራስ ይባላል። ዓለት ለሚፈለፍል ሠራተኛ ይህ ጫፍ ምንም አያገለግለውም፤ የሚቀርጸው ቤት ቤትን እንዲመስል ብሎ ነው። መምሰል ደግሞ በየትኛውም ዘመን ይቻላል። ከብልባላ እምብዛም ሳይርቅ በዋሻ ውስጥ የቆመው ይምርሐነ ክርስቶስ በዛጔ ነገሥታት ዘመን በድንጋይና በእንጨት እንደ አክሱም ሥርዐት የታነጸ ነው። እንግዲህ የላስታ ጠራቢ የአክሱምን ጥበብ ለመቅዳት በካሌብ ዘመን መወለድ አላስፈለገውም፤ ምሳሌው በጎረቤቱ ነበረ።

ዴቪድ ፊሊፕሰን በ2009 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ባሳተመው ስለ ኢትዮጵያ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት በሚናገር መጽሐፉ፣ በላሊበላ ከተማ ካሉት ፍልፍሎች አንዳንዶቹን እስከ 7ኛውና 8ኛው መቶ ዓመት ከፍ አድርጎአቸዋል። ሥራው የተደከመበትና በብዙ ነገር የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አብዛኛው ሚዛን በቅርጽ ላይ ስለ ወደቀ፣ ከላይ የተባለው ችግር እርሱንም ያገኘዋል። በዓመቱ፣ በ2010፣ ፍራንስዋ ግዛቪዬ ፎቬልና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ አሳዩ፤ ግቢው ወደ ታች ሲቈፈር ደፋቸው አየር ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን በሮች፣ ኋላ የተቈፈረ ቦይ የቈረጠውን የቀድሞ ቦይ፣ ከፍልፈላው ወጥቶ የተከመረውን ፍርስራሽ ተከተሉ። ለብልባላም የሚበጀው ይኸው መንገድ ነው።

የዚህ መንገድ ጭንቅ ከሌላ ዓለም ጋራ ሲስተያይ ይገለጣል። አዝቴኮች በቴኖችቲትላን፣ በዛሬይቱ ሜክሲኮ ከተማ፣ ታላቁን ቤተ መቅደሳቸውን ያሳደጉት አሮጌውን በአዲስ እየሸፈኑ ነው። በ1978 የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሲቈፍሩ የኮዮልሻውኪን ምስል የያዘ ታላቅ ክብ ድንጋይ ካገኙ በኋላ፣ በኤድዋርዶ ማቶስ ሞክቴሱማ መሪነት በተደረገው ቊፋሮ ሽፋኖቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተገኙ። በላስታ ግን የኋለኛው ሠራተኛ የፊተኛውን ሥራ ጠርቦ ያጠፋዋል፤ የሚቀረው ባዶ ቦታ ብቻ ነው።

ስለ ሃይማኖታዊው ትርጓሜ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ድንጋዩ የተገኘው በዊትሲሎፖችትሊ በኩል ባለው ደረጃ ግርጌ ነው። አምላኩ በእባብ ተራራ ላይ እኅቱን ቈራርጦ ወደ ታች እንደ ጣላት የሚናገረው ታሪክ፣ የፍራንቸስኮስ መነኵሴ በርናርዲኖ ደ ሳሃጉን ካስጻፈው መጽሐፍ ባይገኝ ኖሮ፣ ያ ቦታ ለምን እንደ ተመረጠ የሚያስረዳ ባልኖረም ነበር። ሥርዐቱ ከ1521 ጀምሮ ፈርሶአልና የሚጠየቅ ካህን የለም። በብልባላ ግን ካህኑ ከመርማሪው አጠገብ ቆሞ ሳለ፣ መርማሪው በር ሲለካ ይውላል።

የንቦቹ ነገር ለዚህ ምስክር ነው። በብልባላ ጊዮርጊስ ንቦች ይኖራሉ፤ ማራቸውም ፈውስ ይሰጣል ተብሎ ይታመናል። የመንገደኞች መጻሕፍት ይህን ለጎብኚ ማስደነቂያ ይጽፉታል፤ ሊቃውንቱም ከሕንፃው ጥናት ውጭ አድርገው ይተዉታል። ኾኖም በገድለ ላሊበላ ሕፃኑ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንቦች መንግሥቱን ዐወቁለት ስትል ስም አወጣችለት ይላል። እንግዲህ በካሌብ ስም የሚመካው ቤተ ክርስቲያን የላሊበላን ምልክት በውስጡ ይዞአል። ይህ የታሪክ ስሕተት አይመስልም።

ከ1270 በኋላ የዛጔ ነገሥታት ዙፋን የማይገባቸው ተደርገው ተቈጥረዋል፤ ካሌብ ግን በክብረ ነገሥት መደምደሚያ ላይ ስሙ የተከበረ ንጉሥ ነው። ላሊበላም ራሱ የነገሠበት ስም ገብረ መስቀል ነው፤ ይህም ትውፊት ለካሌብ ልጅ የሚሰጠው ስም ነው። አክሱምን ከላስታ ጋራ ማዋሐድ በዙፋኑ ስም ላይ የተጀመረ ሥራ ከኾነ፣ የብልባላም ትውፊት ያንኑ በስፍራና በንብ እየቀጠለ ነው ቢባል ከቅርጹ ክርክር ይልቅ የሚታመን ነው።

ስለዚህ ወደ ብልባላ የሚወጣ ተማሪ ከመለኪያው ገመድ ጋራ የጥያቄ ደብተርም ይያዝ፤ ማሩን ማን እንደሚቈርጠው፣ በየትኛው ዕለት፣ ከየትኛው ጸሎት በኋላ፣ ለየትኛው ሕመም እንደሚሰጥ፣ በዚያም ሰዓት የሚጠራው የካሌብ ስም ይኹን የላሊበላ ይጻፍ።