ኅዳግ ላይ ያለችው ወይዘሮ

የሴቶችን ታሪክ ላጥና ብሎ ቤተ መጻሕፍት የሚገባ ሰው መጀመሪያ ካታሎጉ ውስጥ የሚፈልገው «ሴቶች» የሚለውን ርእስ ነው። በዚያ በኩል እቴጌዎቹን ያገኛል። በ18ኛው መቶ ዓመት ጎንደር ላይ ርስቷን የሸጠችውን ባልቴት ግን አያገኛትም። እኔ እሷን የምፈልጋት በመሬት፣ በስጦታና በሙግት በኩል ነው።

የመሬት ውል በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር፤ ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋጋው በወቄት፣ ከዚያ ምስክሮች። ዶናልድ ክራሚ ስለ ጎንደር ሴቶች ባለርስትነት እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመው ጥናት መሠረቱ እንዲህ ያለ ሰነድ ነው። ሥራው ዛሬ ቀሏል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም ከተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች ብዙዎቹ ሚኒሶታ ባለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ይታያሉ። ጌታቸው ኃይሌና ዊልያም ማኮምበር ያዘጋጁት ካታሎግም በኋለኛ እጅ የተጨመረውን ማስታወሻ ሳይንቅ ይመዘግባል። ካታሎጉን የማነበው ከግርጌው ነው፦ ድርሰቱን አልፌ መጽሐፉን ማን አጻፈው፣ ማን ሰጠው ወደሚለው።

አስቸጋሪው ስም ነው። እቴጌ ምንትዋብ በክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ በንግሥና ስሟ ብርሃን ሞገሳ ናት። ወለተ ጊዮርጊስ የተባለች ሁሉ ግን እቴጌዋ አይደለችም፤ ቸኩሎ ከታወቀ ሰው ጋር ማጣበቅ የዚህ ሙያ ክፉ አመል ነው። የባሏ ስም፣ ደብሩ፣ የምስክሮቹ ዘመን ካልገጠመ ስሟን ለብቻው መተው ይሻላል። በላቲን ፊደል ደግሞ «ወለተ» በየካታሎጉ ሌላ ሌላ ስለሚጻፍ፣ ፍለጋውን በቅዱሱ ስም መጀመር ያዋጣል።

የሰረቀውም የፋቀውም ይወገዝ የሚል ቃል በብዙ መጻሕፍት ላይ አለ። ይሁንና በጸሎቱ ውስጥ የገባው የባለቤት ስም ይፋቃል፤ መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ አዲሱ ባለቤት የራሱን ያስገባል። ምስሉን አጉልቼ ሳይ ብራናው የሳሳበት ቦታ ይለያል፣ ቀለሙም ከዙሪያው ጽሑፍ ይደምቃል ወይም ይፈዛል። የወንድ ስም ገብቶበት ከፊቱ «ለአመትከ» (ለሴት አገልጋይህ) የሚለው ሳይታረም ከቀረ ጸሎቱ መጀመሪያ ለሴት እንደ ተጻፈ አያጠራጥርም፤ «ለገብርከ» መባል ነበረበትና። ያን ጊዜ የብራናውን ቁጥር፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ ለይቼ፣ «ስሟ የተፋቀ ባለቤት» ብዬ እመዘግባታለሁ። በዚያው ደብር ሌላ መጽሐፍ ላይ ስሟ ሳይፋቅ ተርፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጥሎ የምከፍተው ያንኑ ደብር ነው።