የዋንዛ ሶፋ

ሶፋ ሲገዛ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ጨርቁ ላይ ነው። እኔ ግን ጎንበስ ብሎ ከሥሩ የእንጨት አጽሙን የሚያይ ገዢ ደስ ይለኛል፤ ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም።

ለአጽም ከሚሆኑት እንጨቶች የማደንቀው ዋንዛን ነው። በደንብ ከደረቀ እምብዛም አይጣመምም፤ ለመጥረብም አያስቸግርም። ሳይደርቅ የተሠራበት ባሕር ዛፍ ግን እየተጣመመ ሚስማሩን ይተፋዋል። ጎበዝ አናጺ ሚስማር አያበዛም፦ የአንዱን እንጨት ጫፍ ጠርቦ በሌላው ቀዳዳ ይሰካና በኮላ ያጠብቀዋል፤ ማዕዘኖቹን በቁራጭ እንጨት ይደግፋቸዋል። ጥንካሬውን ለመፈተን ከሶፋው የፊት እግሮች አንዱን አንድ ስንዝር ያህል አንሡት። ሌላው የፊት እግር ወዲያው ተከትሎ ከተነሣ አጽሙ ጠንካራ ነው። መሬቱን ሙጥኝ ካለ ዋጋም አትጠይቁ።

ስፖንጅ በውፍረቱ አይመዘንም። ለመቀመጫ በሜትር ኪዩብ 30 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሚመዝነው ይሻላል፤ ቀለል ያለው ለመደገፊያ ይበቃል። ጨርቁማ ሲያረጅ ይቀየራል። ሦስተኛ ልብሱን የለበሰ የዋንዛ ሶፋ አውቃለሁ፤ ልጆች ይዘሉበታል፣ ቡና ሲፈላ ጎረቤቱ ሁሉ ተጣቦ ይቀመጥበታል፣ ሲጢጥ እንኳ አይልም።